የፒስተን ፒን ማገጃ ቀለበት፤ አወጣጧና አገባቧ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ክብደቱ ከአንዲት ፍሬ ሽንብራ አይበልጥም፤ በመዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት ከልጃገረድ የጆሮ ጉትቻ ጋር ሊሳሳት ይችላል። ይኸውም በሞተር ብስክሌት ፒስተን ውስጥ ፒኑን ከግራና ከቀኝ የምታግደው የብረት ቀለበት ናት። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የጥገና መጻሕፍት ሰርክሊፕ ይሏታል፤ ጣሊያኖች ደግሞ በሰፊው ሠርቶ በሸጣት በጀርመኑ ፋብሪካ ስም ሴገር ብለው ይጠሯታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የማገጃ ቀለበት እንላታለን።

ምናልባት «ይህ የጋራዥ ሰው ጉዳይ ነው፤ እኔ ከመዝገብና ከማኅተም ጋር የምውል ሰው ምን አገባኝ?» ይሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት በተበላሸ ጊዜ የጥገናው መጠየቂያ የሚመጣው ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ነው። ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ዋጋዋ ከሁሉ ያነሰውን መስመር አይተው «ይህች እንኳ ትቅር፤ አሮጌዋ ትሠራለች» ብለው በቀይ እስክሪብቶ የሚሰርዙትም እርስዎ ነዎት። በዚያች አንዲት ጭረት ምን እንደሚከተል ማወቅ ደግሞ የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን የፈራሚውም ድርሻ ነው። ስለዚህ ጥቂት ይታገሡኝና ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና ምዕራብ ጎጃምን ሲያቋርጥ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተራ በተራ ይነካቸዋል። ከቡሬ ደግሞ አንድ ሌላ መንገድ ተገንጥሎ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። በዚህ አስፋልት ላይ የሚጓዝ ሰው አገሩን ያየ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያየው ዳሩን ብቻ ነው። ጤፉ፣ በቆሎውና የአገሩ ሰው የሚመካበት በርበሬ የሚበቅለው፣ ሕዝቡም የሚኖረው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ በጥርና በየካቲት እንደ ዱቄት የላመ አቧራ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ነው። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ በክረምት ከከተማይቱ ወደ ገጠር የወጣ የግብርና ሠራተኛ ግን ስለ ሰላሙ እንጂ ስለ መንገዱ የሚመሰክር አይመስለኝም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ መኪና የማይደርስበትን የሚደርሰው፣ በቅሎ በአንድ ቀን የማትጨርሰውንም የሚጨርሰው ሞተር ብስክሌት ነው። የክትባት መድኃኒት ይዞ የሚወጣ የጤና ባለሙያ እናስብ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ አለበት፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶም የሚቆየው ለተወሰነ ሰዓት ነው። ባለሙያው ከቡሬ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ከተጓዘ በኋላ ሞተሩ በድንገት ጮኾ ቢቆም፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚጠብቁበት ቀበሌ በዚያን ቀን ክትባት አላገኘም ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውም መድኃኒት የፀሐይ ሲሳይ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ጥፋት የደረሰው ቀድሞ በተሰረዘችው አንዲት መስመር ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ማን ያስባል?

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ዳይምለርና ማይባክ የተባሉ ሁለት ጀርመኖች በእንጨት በተሠራ ብስክሌት ላይ የቤንዚን ሞተር ገጥመው ካስሄዱ ወዲህ የዚህ መኪና አሠራር በብዙ መንገድ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ለምሳሌ ዴካቬ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነደፈውን ባለ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞችም፣ አሜሪካኖችም፣ ሶቪየቶችም ገልብጠው ሠርተውታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. በጃፓን ያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቱን ሲያወጣ አርአያ ያደረገው ይህንኑ ነው። ያማሃ አስቀድሞ ኦርጋንና ፒያኖ ሠሪ ስለ ነበረ ዛሬም በሞተር ብስክሌቱ ታንክ ላይ የሚታየው ምልክት ሦስት የተነባበሩ የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ነው። ለገጠር ሥራ በተፈለጉት ባለ 100 እና ባለ 125 ሲሲ የያማሃ ሞተሮች ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ምት አሠራር ከዚያ የዘር ሐረግ የመጣ ነው።

በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ከፒስተኑ በታች ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ ወርሰው ቢዬላ የሚሉት ክንድ አለ፤ ይህ ክንድ የፒስተኑን መመላለስ ወደ ክራንኩ መሽከርከር ይለውጠዋል። ፒስተኑንና ቢዬላውን የሚያገናኛቸው ፒን የሚባለው ውስጡ ክፍት የሆነ አጭር የብረት ዘንግ ነው። (በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣሊያኖች የቀሩልን ቃላት ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ መድፉን ብቻ ሳይሆን መዝገበ ቃላቱንም ጥሎልን ሄዷል።)

ፒኑ በፒስተኑም ሆነ በቢዬላው ውስጥ በኀይል አልተቸነከረም። እንደ ልቡ እንዲዞር ተደርጎ የተሠራ ስለ ሆነ በአንድ ወገን ብቻ አያልቅም፤ ጥበቡም ይኸው ነው። ነገር ግን እንዲዞር የተፈቀደለት ነገር ወደ ጎን መንሸራተትም ያምረዋል። ከፒስተኑ ወጣ ብሎ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከነካ፣ ደረቅ ብረት በብረት ላይ እንደ ማረሻ ይሄድበታል። እንግዲህ በፒስተኑ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከፒኑ ጫፎች ውጭ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጠባብ ቦዮች ተቈፍረዋል፤ በእያንዳንዱ ቦይ ውስጥ አንዲት የማገጃ ቀለበት ትቀመጣለች። ቀለበቷ ሙሉ ክብ አይደለችም፤ አፏ ጥቂት ክፍት ነው። ከጥሩ የሞላ ብረት የተሠራች ስለ ሆነች ምንጊዜም ልትሰፋ ትፈልጋለች፤ በመስፋቷም ቦዩን ሙጭጭ አድርጋ ትይዛለች። ሌላ ምንም የሚይዛት የለም፤ ብሎንም፣ ማጣበቂያም የላትም።

ይህች ቀለበት ምን ያህል እንደምትለፋ በቍጥር ማየት ይቻላል። የሞተሩ ፍጥነት በደቂቃ 6,000 ዙር ነው እንበል። ይህ በሴኮንድ 100 ዙር ነው፤ ስለዚህ ፒስተኑ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 200 ጊዜ ይቆማል፤ 200 ጊዜም እንደ ገና ይነሣል። ባለ 100 ሲሲ በሆነ ሞተር ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት 45 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ርዝመትና በዚህ ፍጥነት ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ በውስጡ ያለ ነገር ሁሉ ከመሬት ስበት በሺህ እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ይወረወራል። ክብደቷ ሩብ ግራም የሆነች ቀለበት በዚያች ቅጽበት ከሩብ ኪሎ በላይ እንደምትመዝን ሆና ከቦይዋ ልትወጣ ትታገላለች ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተጣመመች፣ የሞላነት ኀይሏም የደከመ አሮጌ ቀለበት ይህን ትግል እንዴት ትችላለች?

ከቦይዋ ከወጣችም በኋላ የሚሆነውን ይህ ጸሐፊ በዐይኑ አይቶታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በፍኖተ ሰላም በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ሞተር ብስክሌት ተፈታ። ሲሊንደሩ ወደ ላይ ሲነሣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ጥፍር ሊገባበት የሚችል አንድ ጥልቅ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዶ ይታይ ነበር። የፒስተኑ አንድ ጎን ተሸርፏል፤ ከቀለበቷ የቀረውም የጤፍ ቅንጣት የሚያካክል ስብርባሪ ሆኖ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ከዘይት ጋር ተደባልቋል። መካኒኩ በጣቱ አሳየኝና «ባለፈው ጊዜ አሮጌዋን መልሼ ነበር፤ አዲስ አልተገዛልኝም» አለኝ። ወቀሳውን በማን ላይ እንደማደርግ ቸግሮኝ ዝም አልሁ። ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ፒን፣ የቢዬላ ኩሽኔታ ሁሉ አዲስ አስፈለገ፤ ስብርባሪውን ለመልቀምም ሞተሩ ለሁለት ተከፈለ።

እንግዲህ አወጣጧን እንናገር። መካኒክ ላልሆነ አንባቢ የምንናገረው እርሱ ራሱ እንዲፈታ አይደለም፤ ሥራው ሲሠራ ቆሞ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያይ እንዲያውቅ ነው። ለሚሠራውም ሰው ቢሆን ማስታወሻ ይሆነዋል።

ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት መታጠብ አለበት። የቡሬ መንገድ አቧራ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ተጋግሮ ይገኛል፤ ይህ አቧራ በከፊል አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ወደ ተከፈተ ሞተር ከወደቀ እንደ ሞረድ ይሠራል። ታንኩ፣ ማርሚታውና ካንዴላው ከወጡ በኋላ የቴስታታው ዳዶዎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት፣ በመስቀል ቅርጽ እየተዘዋወሩ ይላላሉ። ሲሊንደሩ ቀስ ብሎ ይነሣል። ገና ፒስተኑን ሳይለቅ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ፣ ንጹሕ ጨርቅ በቢዬላው ዙሪያ በሞተሩ አፍ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ይህን ጨርቅ ሳያዩ ሥራው እንዲቀጥል አይፍቀዱ። ቀለበቷ የሞላ ብረት ናትና ስትወጣ ትፈናጠራለች፤ ጨርቅ ከሌለ የምትሄደው ወደዚያው ጨለማ ጕድጓድ ነው። እዚያ ከገባች ማግኔት ይዞ ግማሽ ቀን ማጥመድ፣ ካልሆነም ሞተሩን በሙሉ መክፈት ይጠይቃል። ኋላ ከህንድ በብዛት በመጡት እንደ ባጃጅና ቲቪኤስ ባሉት ባለ አራት ምት ሞተሮች ደግሞ በሲሊንደሩ ጎን የካቴና መውረጃ ቀዳዳ ስላለ እርሱም በሌላ ጨርቅ መደፈን አለበት። ብዙ ሰው ትልቁን አፍ ደፍኖ ይህን ይረሳል።

ከዚያ በኋላ የፒስተኑ አናት ይታያል። በላዩ ላይ ወደ ጭስ መውጫው የሚያመለክት ቀስት ተቀርጾበታል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በጥላሸት ተሸፍኖ አይታይም። የዚህ ምክንያት በከፊል አገራችን ራሷ ናት። ፍኖተ ሰላምም ሆነች ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ አገር የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ የሚሰጠው ቤንዚን ከሚያገኘው አየር ይበዛል፤ የበዛውም ሳይነድ ጥላሸት ይሆናል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ስለሚያነድ ነገሩ ይብስበታል። ይህ የተጋገረ ጥላሸትና ዘይት ወደ ታች ወርዶ የማገጃዋን ቀለበት ቦይ ሞልቶ፣ ቀለበቷን ራሷን ከፒስተኑ ጋር አንድ አካል አስመስሎ ይሸፍናታል። ስለዚህ መካኒኩ ቀለበቷን ከመንካቱ አስቀድሞ ያንን ስፍራ በእንጨት ስንጥርና በጋዝ በራሰ ብሩሽ ማጽዳት አለበት። የሚደፋ ካቻቢቴ ይዞ የሚቸኩል ሰው ለስላሳውን የፒስተን አሉሚኒየም ይቧጥጠዋል።

በፒን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ አንድ ትንሽ ስርጉድ አለ። ሠሪው ያስቀመጠው ለመፈልቀቂያ ነው። ቀጭን ካቻቢቴ ወይም ጫፉ የሾለ መሣሪያ በዚህ ስርጉድ ገብቶ ቀለበቷን ከሥር ወደ መካከል ያነሣታል፤ በዚያው ጊዜ የሌላው እጅ አውራ ጣት በላይዋ ላይ ይጋረዳል። ጣቱ የሚጋረደው እንዳትፈናጠር ነው። የዐይን መነጽርም ያስፈልጋል፤ ብዙ መካኒኮቻችን በዚህ ይስቃሉ፤ ዐይን ግን መለዋወጫ የለውም። ቀለበቷ ጆሮ ወይም ጅራት ያላት ዐይነት ከሆነች በሾጣጣ ፒንሳ ተይዛ ትወጣለች። ሁለቱንም ማውጣት አያስፈልግም፤ ፒኑ በአንድ ወገን ስለሚወጣ አንዷ ትበቃለች። ፒስተኑ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ግን ሁለተኛዋም በኋላ ወጥታ በአዲስ ትተካለች።

ቀለበቷ ከወጣች በኋላ ፒኑ በጣት ተገፍቶ መውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን እምቢ ይላል። የዚህ ጊዜ ነው መዶሻ የሚነሣው፤ የዚህ ጊዜም ነው ጥፋት የሚደርሰው። ፒኑ በመዶሻ ሲመታ ኀይሉ በሙሉ ወደ ቢዬላው ይሄዳል። ቢዬላው በዐይን በማይታይ መጠን ከተጣመመ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ገደድ ብሎ ይሄዳል፤ ፒኑንም ዘወትር ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ አዲስ የገባችውም ቀለበት ያለ ጥፋቷ ትገፋለች። እንደዚህ ባለ ጊዜ አዲስ ቀለበት በገባ በወሩ መውጣቷን አይተው «ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው» የሚሉ አሉ፤ ጥፋቱ ግን የመዶሻው ነው።

ፒኑ ለምን እምቢ ይላል? አንደኛው ምክንያት ቀለበቷ ለብዙ ዓመት ስትመታው የኖረችው የቦዩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ስለታም ከንፈር መሥራቱ ነው። ይህን በቢላዋ ጫፍ ቀስ አድርጎ መላጥ ይበቃል። ሁለተኛው የተጋገረ ዘይት ነው። ለዚህኛው ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ሙቀት ነው። በፈላ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ተጨምቆ በፒስተኑ አናትና ጎን ላይ ይጠቀለላል፤ ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይንጠባጠብ ግን መጠንቀቅ ነው። ብረትም አሉሚኒየምም ሲሞቁ ይሰፋሉ፤ አሉሚኒየም ግን ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ዲያሜትሩ 14 ሚሊሜትር ለሆነ ፒን፣ ሙቀቱ በ70 ዲግሪ ከጨመረ ቀዳዳው ከፒኑ ይልቅ በሚሊሜትር መቶኛ ያህል ሰፍቶ ይገኛል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መዶሻ ያላንቀሳቀሰውን ፒን አውራ ጣት የሚገፋው በዚህ መቶኛ ነው። በቡሬ ከፍታ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ይተርፋል። ሙቀቱም ካልበቃ ብልህ መካኒክ ረጅም ብሎን፣ አንድ ቁራጭ ቱቦና ዳዶ ወስዶ ፒኑን የሚስብ መሣሪያ ራሱ ይሠራል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ፒኑ ወደ ቱቦው ይገባል፤ ቢዬላውም ምንም ኀይል አይነካውም። ይህን መሣሪያ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ካዩ ሞተርዎን ያለ ሥጋት ሊተዉለት ይችላሉ።

አገባቧ ከአወጣጧ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዲሱ ፒስተን ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ፣ ብርሃንና ስፋት ባለበት፣ አንደኛዋ አዲስ ቀለበት በቦይዋ ትገባለች። ቀለበቷ ስትገባ ከሚያስፈልገው በላይ መጨመቅ የለባትም፤ ከልክ በላይ የተጨመቀች ቀለበት ገና ሥራ ሳትጀምር አርጅታለች። አንዱ ጫፍ አስቀድሞ በቦዩ ይያዛል፤ የቀረው በአውራ ጣትና በለዘብተኛ መሣሪያ እየተገፋ ይከተላል፤ በመጨረሻም ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ መልካም ምስክር ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። በቀጭን መሣሪያ ዙሪያዋን ነካ ነካ አድርጎ፣ የትም ስፍራ ከቦዩ ከፍ ያለች አለመሆኗን ማየት ያስፈልጋል። በቦዩ ውስጥ የቀረች አንዲት የጥላሸት ፍርፋሪ ቀለበቷን ከፍ አድርጋ ትይዛታለችና።

ከዚያ የቢዬላው ኩሽኔታ ዘይት ተቀብቶ ይገባል፤ የፒስተኑ ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ይዞራል፤ ፒኑም ዘይት ተቀብቶ ከክፍቱ ወገን እየተገፋ አንደኛዋን ቀለበት እስኪነካ ድረስ ይገባል። ሁለተኛዋ ቀለበት በዚያው በጨርቁ ላይ፣ በዚያው አውራ ጣት ጥበቃ ሥር ትገባለች። ከተጨፈለቀ ላሜራ የተሠራች ጠፍጣፋ ቀለበት ከሆነች አንደኛው ገጿ ጠርዙ ስለታም፣ ሁለተኛው ክብ ያለ ነው፤ ስለታሙ ወደ ውጭ፣ ከፒኑ ርቆ መዋል አለበት። ፒኑ ሲገፋት በስለታሙ ጠርዝ ቦዩን ነክሳ እንድትይዝ ነው።

አሁን ብዙ የሚያከራክር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የቀለበቷ አፍ ወደ የት ይዙር የሚለው ነው። አንዳንድ መካኒክ «እንደ ገባች ትግባ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የቀለበቷ አፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማየት አለበት፤ ወደ ጎን አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ የቆመ ሰው ያስቡ። ፒስተኑ በላይኛው ጫፍ ድንገት ሲቆም በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይወረወራል፤ በታችኛው ጫፍ ሲቆም ደግሞ ወደ ታች። የቀለበቷ አፍ ወደ ጎን ከሆነ ሁለቱ ክንዶቿ የተጋደሙ ናቸው፤ ስለዚህ በላይኛው መቆም ላይ የታችኛው ክንድ፣ በታችኛው መቆም ላይ የላይኛው ክንድ ወደ መካከል ይታጠፋል። በየዙሩ ቀለበቷ ትጠባለች፤ የጠበበች ቀለበትም ቦዩን ትለቃለች። አፏ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሆነ ግን ክንዶቿ ከመወርወሩ አቅጣጫ ጋር ቁመታቸውን ያቆማሉ፤ ሊያጥፋቸው የሚችል ነገር የለም። ከዚህም ጋር አፏ በመፈልቀቂያው ስርጉድ ላይ እንዳይገጥም መጠንቀቅ ነው። ስርጉዱ ከታች ከሆነ አፏ ወደ ላይ ይሁን። የሠሪው የጥገና መጽሐፍ ሌላ ካዘዘ ግን መጽሐፉ ይበልጣል።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር የፋሻው ቦይ ውስጥ አንዲት ትንሽ ችንካር አለች፤ የፋሻው አፍ በእርሷ ላይ መግጠም አለበት፤ አለዚያ የፋሻው ጫፍ በሲሊንደሩ መስኮት ተይዞ ይሰበራል። ጨርቁ የሚወጣው ሁለቱም ቀለበቶች ከተመረመሩ በኋላ ነው፤ ሲወጣም በላዩ የወደቀው ቆሻሻ እንዳይራገፍ ጠርዞቹ ወደ ላይ ተጠቅልለው ይነሣል። ሲሊንደሩ ይወርዳል፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባለታል፤ ዳዶዎቹ እንደ ተፈቱት በመስቀል ይጠብቃሉ። ከዚያ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ክራንኩ ቀስ ተብሎ በእጅ ወይም በእግር ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል። የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ሁሉም ነገር ተመልሶ ይፈታል፤ ያን ጊዜ «ሲሠራ ይለቀቃል» የሚልዎትን ሰው አይስሙት።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስንመለስ፣ በመጠየቂያው ላይ «ፒስተን 1፤ ፋሻ 1 ስብስብ» ተብሎ ተጽፎ «የፒን ማገጃ ቀለበት 2» የሚል መስመር ከሌለ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው፤ ጠያቂውን መልሰው ይጠይቁት። አንዳንድ ጊዜ ፒስተኑ ሲገዛ ቀለበቶቹ ከእርሱ ጋር በአንድ ከረጢት ታሽገው ይመጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን አይመጡም፤ ይህንን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ልክዋም በዐይን የሚገመት አይደለም፤ በሞተሩ ሞዴልና በመለዋወጫው ቁጥር ትጠየቃለች። አንድ ሚሊሜትር የጠበበች ቀለበት ስትገባ ጠቅ ትላለች፤ ነገር ግን አትይዝም።

ሥራው ተፈጽሞ ሲረከቡ መካኒኩን ሁለቱን አሮጌ ቀለበቶች እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ሁለቱም በጠረጴዛው ላይ ካሉ ደረሰኙን ይፈርሙ፤ በትንሽ ከረጢት አድርገውም ከደረሰኙ ጋር ወደ መዝገቡ ያያይዟቸው። አንዷ ከሌለችና የት እንደ ሄደች የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ ሞተሩ አይነሣ፤ ሲሊንደሩ እንደ ገና ይነሣና ከሥር ትፈለግ።